የበረት ጠባቂ ውሻን ማኮላሸት፦ ወጪው በፍየል ሲቆጠር

በሞያሌ፣ በመተማ ወይም በቶጎ ውጫሌ መስመር ከብት ሰብስቦ የሚያሳድር ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ በበረቱ ውሻ አለው። ውሻው ጅብ ሲቀርብ ይጮኻል፣ ሌባ ሲመጣ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል። ሆኖም በገንዘብ ስላልተገዛ በሂሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስለማኮላሸት ሲነሳም መልሱ ፈጣን ነው፦ «ለውሻ ደግሞ የቀዶ ጥገና ወጪ?»

ጥያቄው ግን ከውሻው በላይ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው 200 ፍየል ወይም 40 ሰንጋ በባንክ ብድር ወይም በዘመድ ገንዘብ የተገዛ ሊሆን ይችላል። የውሻው ባሕርይ ያንን ንብረት የሚነካ ከሆነ ውሳኔው የንግድ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ወንዱን ማኮላሸትም ሆነ ሴቷን ማምከን እንደማንኛውም ወጪ ተሰልቶ መወሰን አለበት።

ሰንጋና ውሻ ይለያያሉ

ብዙ ነጋዴ ስለማኮላሸት ያለው እውቀት ከበሬ የመጣ ነው። የተኮላሸ ወይፈን ይረጋጋል፣ ይሰባል፣ ሰንጋ ይሆናል። ከዚህ ተነስቶ «የተኮላሸ ውሻም ይሰንፋል፣ መጮኹን ይተዋል» የሚል ስጋት አለ።

በውሻ ላይ የሚታየው ከዚህ ይለያል። ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው በዘሩ፣ በአስተዳደጉና ከቤቱ ጋር ባለው ትስስር ነው። የወንድ ዘር ፍሬው ሲወጣ በይበልጥ የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞሩ፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር በሴት ምክንያት መጣላቱና በየቦታው ሽንቱን እየረጨ ምልክት ማድረጉ ነው። በባዕድ ሰው ላይ መጮኹ እንደነበረ ይቀጥላል። በተቃራኒው ደግሞ ሰው የሚነክስ ውሻ ስለተኮላሸ ብቻ ጨዋ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ስጋቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። የተኮላሸ ውሻ በቀላሉ ይወፍራል፤ የወፈረ ውሻ ደግሞ መሮጥ ይከብደዋል። መፍትሔው የምግቡን መጠን መቀነስ ነው።

ሴቷ የምታመጣው እንግዳ

ሴት ውሻ በአማካይ በየስድስትና ሰባት ወሩ ድራት ላይ ትሆናለች። ድራቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ባለቤት የሌላቸው ወንድ ውሾች ሽታዋን ተከትለው ይመጣሉ፤ አጥር ይቆፍራሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይናከሳሉ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በዚያው ሌሊት የሚታየው ነው፦ የደነበረ ፍየል አጥር ላይ ይጋጫል፣ እግሩን ይሰብራል፣ ተረጋግጦ ይሞታል። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያልተከተበ እንግዳ ውሻ በረቱ ውስጥ አንድ ላም ወይም ግመል ቢነክስ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ይህ ሁሉ ጊዜ የተነከሰው እንስሳ ተጠርጣሪ ስለሆነ በጤና ሰርተፊኬት ሊጫን የሚገባው አይደለም። ሦስተኛው ቡችሎቹ ናቸው። ውሻ የምታረግዘው ለ63 ቀን ያህል ሲሆን ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ቡችላ ትወልዳለች። ጭነቱ ሲሄድ ቡችሎቹ በበረቱ ይቀራሉ፤ ከዓመት በኋላ አጥር የሚቆፍሩት እንግዶች እነሱው ይሆናሉ።

ለውሻዋ ራሷም ጥቅም አለው። የመከነች ውሻ በማህፀን መግል መቋጠር አትሞትም። ከመጀመሪያው ድራት በፊት ከመከነች ደግሞ የጡት እጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። በግንኙነት የሚተላለፈውና በባዘኑ ውሾች ላይ የሚዘወተረው የብልት እጢም ይርቃታል። በአንጻሩ ቀዶ ጥገናው ሆድ የሚከፍት በመሆኑ ማደንዘዣውና የመድማት አደጋው ቀላል አይደሉም። አንዳንድ ውሾች፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ከጊዜ በኋላ ሽንት መቋጠር ያቅታቸዋል።

ስሌቱ በፍየል

የብር ዋጋ ከሞያሌ እስከ ጅግጅጋ ይለያያል፣ በየወሩም ይቀያየራል። ነጋዴ ግን የፍየል ዋጋን ምንጊዜም ያውቃል። ስለዚህ ወጪውን በፍየል መቁጠር ይቀላል። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር ያስገባበታል።

ሴቷን ማምከን፣ መጓጓዣና መድኃኒትን ጨምሮ፣ የአንድ ፍየል ዋጋ ይፈጃል እንበል። ቁስሉ እስኪድን ለ14 ሌሊት ተጨማሪ ዘበኛ መቅጠር የግማሽ ፍየል ዋጋ ይጨምራል። ጠቅላላው አንድ ተኩል ፍየል ነው። ውሻዋ ስድስት ዓመት ብታገለግል ለዓመት የሚደርሰው ሩብ ፍየል ነው።

በሌላው ሚዛን ደግሞ ሳትመክን ብትቀር በዓመት ሁለት፣ በስድስት ዓመት 12 ድራት አለ። እያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ቢቆይ 36 ሳምንት በረቱ በእንግዳ ውሾች ተከቦ ያድራል ማለት ነው። በዓመት አንዴ ብትወልድ ለእርጉዟና ለምታጠባው ውሻ፣ ከዚያም ለቡችሎቹ የሚወጣው ምግብ ብቻውን ሩብ ፍየል ቢደርስ ቀዶ ጥገናው ወጪውን መለሰ። በእነዚያ 36 ሳምንታት ውስጥ በድንጋጤ የሚሞት አንድ ፍየል ሲጨመር ሚዛኑ ወደ ማምከን ያጋድላል። የእብድ ውሻ በሽታ ያስቀረው ጭነት ገና አልተቆጠረም።

ስሌቱ የሚገለበጥበት ሁኔታም አለ። በረቱ በዓመት ለሁለት ወር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ውሻዋ አርጅታ ከሆነ ወይም በድራት ጊዜ የሚዘጋባት ጠንካራ ክፍል ካለ፣ ቀዶ ጥገናው ላያዋጣ ይችላል። በሃይማኖቱ ምክንያት ማምከንን የማይፈልግ ባለቤትም ያለው አማራጭ ይኸው መዝጋት ነው። መዝጋቱ ግን ድራቱ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሆን አለበት፤ አንድ ሌሊት በሩ ክፍት ካደረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንዳንድ ባለቤቶች ለሰው የተሠራውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻ ይሰጣሉ። ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የማህፀን መግልንና የጡት እጢን ያስከትላል። መጨረሻው ውሻዋን ማጣት ወይም በድንገት የሚደረግ፣ ይበልጥ ውድ የሆነ ቀዶ ጥገና ነው።

ወንዱስ?

ለወንድ ውሻ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሌሊት የት ያድራል? ከበረቱ የማይለይ፣ ቀን ታስሮ ሌሊት በአጥር ውስጥ የሚለቀቅ ከሆነ ማኮላሸቱ ለነጋዴው የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው። ገንዘቡ ለክትባት ቢውል ይሻላል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ግን በእነዚያ ሌሊቶች ጠባቂ የለም። ሲመለስም ቁስልና በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ማኮላሸት ያዋጣል።

ሁለት ነገር መታወስ አለበት። የተኮላሸ ወንድ በሰውነቱ ውስጥ የቀረ የዘር ፈሳሽ ስላለ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ይችላል። ለዓመታት መዞር የለመደ ውሻ ደግሞ ልማዱን በአንድ ቀን አይተወውም።

ማኮላሸት የማይሸፍነው

የተኮላሸ ውሻም በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል። በሽታው በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ሰው ላይ የሚደርሰውም 99 በመቶው ከውሻ ነው። ስለዚህ አቅሙ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነጋዴ ክትባቱን ያስቀድማል። በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መስፋፋት ያቅተዋል። የባዘኑትን በመርዝ መግደል ግን ዘላቂ ውጤት አላመጣም፤ የሞቱትን ሌሎች ያልተከተቡ ይተኳቸዋል።

የተነከሰ ሠራተኛ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለሐጩን የሚያዝረከርክና ድምፁ የተለወጠ ከብት ሲታይም «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት አደገኛ ነው።

ሁለተኛው የውሻ ትል ነው። በበረት የሞተ በግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ ሲሰጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል። እንቁላሉ በእዳሪው ወጥቶ ወደ ግጦሽና ወደ ሰው ይመለሳል። በጎች ላይ የሚታየው አዙሪትም መነሻው የውሻ ትል ነው፤ እሱ የሚመጣው ውሻ የታመመ በግ ጭንቅላት ሲበላ ነው። ከረጢቱ ለማደግ ወራት ስለሚፈልግ በረቱ ውስጥ ለሳምንታት ብቻ የሚቆየው ጭነት ላይ ጉዳቱ አይታይም። የሚታየው በሚመጡት ዓመታት ከዚያው አካባቢ በሚገዛው በግ ላይ፣ ቄራ ሲደርስ ጉበቱና ሳንባው ሲወገድ ነው። መከላከያው የሆድ ዕቃውን በጥልቀት መቅበር ወይም በሚገባ መቀቀል፣ ለውሻውም በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል መስጠት ነው።

መቼና በማን?

ሴቷ ድራት ላይ እያለች የደም ሥሮቿ ስለሚያብጡ ብዙ ትደማለች። ድራቱ ካለፈ ከሁለት እስከ ሦስት ወር መጠበቅ ይመረጣል። የምታጠባ ከሆነች ቡችሎቹ ጡት እስኪተዉ ይቆያል። ትልቅ ዝርያ የሆነ ወንድ ደግሞ ዕድገቱን እስኪጨርስ አንድ ዓመት ያህል ቢታገሡት ይመከራል።

በወይፈን ላይ የሚሠራው ቡርዲዞም ሆነ የጎማ ቀለበት ለውሻ አይሆንም። በባህላዊ መንገድ ያለ ማደንዘዣ መቁረጥም እንስሳውን ማሰቃየት ነው፤ ቁስሉ ሲመረቅዝ ጠባቂውን ያሳጣል። ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው። በድንበር ከተሞች ያሉ ክሊኒኮች በብዛት የሚሠሩት ከብት ላይ ስለሆነ አስቀድሞ «የውሻ ቀዶ ጥገና ትሠራላችሁ? የማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመተማ መስመር ጎንደር፣ ለቶጎ ውጫሌ መስመር ጅግጅጋና ሐረማያ፣ ወደ መሐል አገር ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ስላሉ ከጭነት ጉዞ ጋር አስተባብሮ እዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ውሻው ከ10 እስከ 14 ቀን በደረቅና ንጹሕ ቦታ መታሰር፣ ቁስሉንም እንዳይልስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ተመራጩ ጊዜ ጭነት ከወጣ በኋላ በረቱ ባዶ ሲሆን ነው።

ውሳኔው ባጭሩ

ዓመቱን ሙሉ በሚሠራ በረት ያለች ወጣት ሴት ውሻ ብትመክን ያዋጣል። የሚዞር ወንድ ይኮላሽ፤ ከበረት የማይለይ ወንድ እንዳለ ይቆይ። ሁሉም ግን ይከተቡ፣ የትል መድኃኒትም ያግኙ። በረት ሲዘጋ ውሻውን የሚረከበው ሰው ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ። ያለ ባለቤት የተተወ ውሻ በሚቀጥለው ወቅት በረቱ ሲከፈት ወደ አጥሩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ግን ብቻውን አይመጣም።