ገራም ፈረስ ስንት ያወጣል? የመልክና የጠባይ ዋጋ

ዛሬ ሰሊጡንም ቡናውንም ትንሽ እናቆየውና ፈረስ ተራ እንሂድ። ከደባርቅ በኩል አንድ የዩኒየን አባል «ዥጉርጉር የኮርቻ ፈረስ አለኝ፣ ልጅ ይጋልበዋል፤ የሚጠራልኝ ግን የጋሪ ፈረስ ዋጋ ነው» ብለው ጠይቀውናል። ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጣው ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ ይከራይ የነበረው ፈረስ ቆሞ ገለባ ይበላል፣ ባለቤቱም ለመሸጥ ይቸኩላል።

ቡና ላኪዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ምርት ገበያ ቡና ሲመድብ ከ100ው 40 ነጥብ ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ነው። ዥጉርጉርነቱ ጥሬው ነው፤ ገዢን ከሩቅ ይጠራል፣ ለጥምቀት ጎንደር አምሮ መውጣት የሚፈልግ ሰውም ይጨምርበታል። ትልቁ ብር ያለው ግን ቅምሻው ላይ፣ ማለትም ኮርቻው ላይ ነው። ችግሩ ፈረስ ቀማሽ የለውም፣ የደረጃ ወረቀትም የለውም። «ገራም ነው» የማይል ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ ገዢው ያላየውን ጠባይ እንደ ስጋት ቆጥሮ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የጋሪ ዋጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ አሳዩት። ጠዋት፣ ሥራ ሳይነካ አቅርቡት። የነቃ ገዢ ላብ ያለበትን ፈረስ «አድክመው አመጡት» ብሎ ይጠረጥራል፣ እውነቱን ነው። ልጓሙን ራሱ ያግባለት፣ አራቱንም ሰኮና ያንሳ፣ ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ይጋልበው። ኮርቻውን አውርዳችሁ ጀርባውን አሳዩ፤ ገጣባ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። የሚራገጥ ከሆነም እንደዚያው፤ ልጅ ሊያስቀምጥበት የሚገዛ ሰው አለ። ዕድሜውን ጥርሱ ይናገር፦ ፈረስ የፊት ጥርሶቹን ቀይሮ የሚጨርሰው ወደ 5 ዓመቱ ገደማ ነው።

ጊዜውስ? ሰኔና ሐምሌ ገለባ ተሟጦ የማዳበሪያ ብር ሲፈለግ ሻጭ ይበዛል። ለኮርቻ ፈረስ ታኅሣሥ ይሻላል፤ ጥር 11 ጥምቀት አለ፣ ጥር 23 ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ብቻ እስከዚያ የሚበላውን መኖ አስሉ፤ የምትጠብቁት ጭማሪ መኖውን ካልሸፈነ ዛሬውኑ ሽጡ።

ኮርቻውንና ልጓሙን ለብቻ ዋጋ አውጡላቸው። «ከነኮርቻው» የምትለዋን ቃል ደላላ መጨረሻ ላይ ነው የሚጥላት (እኔም ደላላ ነኝ፣ ወገኖቼን ማማቴ አይደለም)።

የሰሊጥ ዋጋ ማታ ይለቀቃል።