የኤሌክትሪክ ኦርጋን እንዴት ይጸዳል? ሲበላሽስ?

ቤተ ልሔም የዜማ አገር ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ወደዚሁ ወደ ጋይንት ምድር እንደሚመጣ እናንተው ታውቃላችሁ። ተማሪው አንዲት ቦታ ላይ ዜማውን ቢስት መምህሩ በጆሯቸው ይይዙታል። ከበሮም እርጥበት ገብቶት ቆዳው ሲላላ ድምፁ ያሳብቃል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይመለሳል። ዛሬ የምናየው መሣሪያ ቆዳም ጅማትም የለውም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ነው። ብልሽቱን የሚያገኘው ግን ያው ጆሮ ነው።

አሜሪካዊው ሎረንስ ሃሞንድ ኦርጋኑን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የጣሊያኑ ፋርፊሳ ኩባንያ ደግሞ አስቀድሞ አኮርዲዮን ይሠራ ነበር፤ በ1960ዎቹ ትራንዚስተር ያለውና ሰው ሊሸከመው የሚችል ኦርጋን አወጣ። በአገራችን በኦርጋን ከታወቁት አንዱ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ኃይሉ በኋላ አሜሪካን አገር ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድበታል። ይህ ለሰውየው ጣት ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያውም ደግ ነው። የማይነካ መሣሪያ መገናኛዎቹ ይዝጋሉ፣ አቧራ ይጠጣል፣ አይጥ ሽቦውን ይበላዋል። ከዚያ አንዱ «ተቃጥሏል» ይላል፤ ቁራሌው በብረት ዋጋ ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ እኮ አልተቃጠለም!

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ኦርጋን ከመከፈቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከተነቀለም በኋላ ቢሆን በውስጡ ኮንደንሰር የሚባል ዕቃ አለ፤ ገንቦ ውሃ እንደሚይዝ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። በተለይ አምፖል የመሰለ ቱቦ ያለበት አሮጌ ኦርጋን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከሚገባበት ሳጥን አካባቢ እጅ አይገባም፤ ያ የባለሙያ ድርሻ ነው።

ጽዳቱ ቀላል ነው። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ። በጣት የሚጫኑትን ነጭና ጥቁር ቁልፎች ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መወልወል፤ ወዲያው በደረቅ መድገም። ውሃ ወደ ውስጥ አይንጠብ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ፈጽሞ አይነኩትም፤ ላስቲኩን ያበላሻሉ፣ እሳትም ያስነሣሉ። የምግብ ዘይትም ለቁልፉ መገናኛ አይሆንም፤ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። ዘይት የሚፈልገው አሮጌው ሃሞንድ ነው። በሞተር የሚዞሩ የብረት ጎማዎች ስላሉት ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይሰጠዋል።

ታዲያ ኦርጋኑ ጭራሽ ዝም ካለ ከየት እንጀምር? ከሶኬቱ። ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ ኤሌክትሪክ መኖሩን ማየት፤ ገመዱ መቆረጡን ማየት፤ ቀጥሎ ፊውዝ። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ራሱን አቃጥሎ ሌላውን ያድናል። በቦታው ምስማር ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚያስገቡ አሉ። ይህ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። ልኩ የሆነ አዲስ ፊውዝ ይገባል፤ እሱም ከተቃጠለ ሥራው ይቁም፣ ባለሙያ ይጠራ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ድምፁን በእግር ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ፔዳል፣ በመጨረሻም ድምፅ ማጉያውንና ገመዱን መመልከት ነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር እንምጣ። ድምፁ ሁሉ ሳይጠፋ ከፊሉ ብቻ ቢጠፋስ?

እንደ ፋርፊሳ ያለው ኦርጋን በውስጡ 12 የድምፅ ምንጮች አሉት። አንዱ ምንጭ በጣም ቀጭኑን ድምፅ ያወጣል። ከዚያ አንድ ክፍል ንዝረቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ያው ድምፅ ወፈር ብሎ ይወጣል። ቀጣዩ ክፍል እንደገና ይከፍለዋል፤ ይበልጥ ይወፍራል። ይህ በመስኖ እንደሚጠጣ ማሳ ነው። አንድ ምንጭ፣ አንድ ቦይ፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ማሳዎች። ሁሉም ከደረቁ ምንጩን ያዩታል። የላይኛው ጠጥቶ የታችኞቹ ከደረቁ ቦዩ የተሰበረው በመካከል ነው። አንዲት ማሳ ብቻ ደርቃ ከላይም ከታችም ያሉት ከጠጡ፣ የተደፈነው የራሷ መግቢያ ነው።

በኦርጋንም እንዲሁ። ያው አንዱ ድምፅ ከቀጭን እስከ ወፍራም በየቦታው ከጠፋ ወይም ከተዛነፈ ብልሽቱ ምንጩ ላይ ነው። ቀጭኑ እየተሰማ ከመካከል ወደ ታች ከጠፋ አንዱ ከፋይ ሞቷል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከቁልፉ ሥር ያለው መገናኛ አቧራ ይዞ ወይም ዝጎ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ መገናኛ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚነፋ ማጽጃ አለ፤ ገመዱን ነቅሎ ጥቂት መንፋት፣ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን፣ እስኪደርቅ መጠበቅ። አሸዋ ወረቀት አይነካውም፤ መገናኛው ስስ ስለሆነ ይላጣል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኳኳ ከሆነም መድኃኒቱ ይኸው ነው። እንዲህ ለይታችሁ ከነገራችሁት ባለሙያው መላውን ዕቃ አይፈታም፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። ኤሌክትሪክ በአገራችን በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ይመላለሳል። አሜሪካ የተሠራ አሮጌ ሃሞንድ እዚህ ሲሰካ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ዜማው በሙሉ ይወርዳል። አልተበላሸም! 220ን ወደ 110 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከመቃጠል ያድነዋል፤ የወረደውን ዜማ ግን አይመልስም።

ለውይይት
1. ከአንድ ኦርጋን ላይ ቀጭኑ ድምፅ ይሰማል፤ ያው ድምፅ ከመካከል ጀምሮ ወደ ወፍራሙ አይሰማም። የትኛው ክፍል ነው የተበላሸው?
2. አንድ ሰው ኦርጋኑን ካጠፋ በኋላ ገመዱን ሳይነቅል ሊከፍተው ነው። ምን ትሉታላችሁ?
3. በቤታችሁ ያለው ራዲዮ ዝም ቢል በየትኛው ቅደም ተከተል ትፈትሹታላችሁ? ከባትሪ ድንጋዩ ጀምራችሁ እስከ ድምፅ ማጉያው ተናገሩ።