ወሰን የማይገድበው መብት በወሰን ላይ

ለመሆኑ ሕገ መንግሥታችን ስለ መረጃ ምን ይላል? አንቀጽ 29 መረጃን የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን የአገር ወሰን አይገድበውም ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር በሱዳን መንገድ ላይ ያለችው ኮኪት ትታወሰኛለች።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ስደተኛውም በመተማ በኩል ገባ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጥር 2016 ማብቂያ ላይ ደግሞ የሱዳን ስልክ በአብዛኛው ድርግም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰሊጥ ነጋዴው ዋጋ፣ ዘመድ ያለው የዘመዱን ደኅንነት በምን ይጠይቃል? ወሬ እንደሆነ አይጠፋም፤ በሾፌርና በመንገደኛ አፍ ይመጣል። የሚጠፋው ማጣሪያው ነው።

አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ዴሞክራሲያዊ መብቶች እንዲታገዱ ይፈቅዳል፤ አልክድም። ይኸውም አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አዋጁ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም (ሐሰት የቱ እንደሆነ መለየቱ ቀላል አይደለምና) የሚጠይቀው ተናጋሪውን ነው፤ ያውም በፍርድ ቤት። መስመር ሲቆረጥ ግን ክስ የለ፣ ተከሳሽ የለ። የኮኪት ሰው ይግባኙን ለየትኛው ችሎት ያቅርብ?