በሥራ ምክንያት ለሚደርስ የአእምሮ ጉዳት በካሊፎርኒያ ካሳ ይከፈላል?

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ ሥራው ለአእምሮ ሕመም የዳረገው ሠራተኛ ካሳ የሚያገኘው በምን ሁኔታ ነው?

መልስ፦ የግዛቲቱ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 3208.3 ካሳውን ይፈቅዳል፤ የማስረጃ ሸክሙ ግን ከአካል ጉዳት ይከብዳል። ሕመሙ በባለሙያ ተመርምሮ ስም ሊሰጠው፣ በሥራ ላይ በእርግጥ የተፈጸሙ ክስተቶችም ከመንስኤዎቹ ሁሉ ከግማሽ በላይ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል። ፍቺ፣ ሐዘንና ዕዳ ከሥራ ውጭ ባለው ወገን ይቆጠራሉ። ከባድ የኃይል ጥቃት ለደረሰበት ግን ከ35 እስከ 40 በመቶ ድርሻ ይበቃል። በሌሊት ፈረቃ ሽጉጥ የተደቀነባት ገንዘብ ተቀባይ እንቅልፍ ያጣችበትን ምክንያት በሚዛን እንድታስለካ መጠየቅ ተገቢ ስላልሆነ፣ ልዩነቱ ፍትሐዊ ነው።

ሠራተኛው በዚያው ድርጅት በድምሩ ቢያንስ 6 ወር የሠራ መሆን አለበት፤ ድንገተኛና ያልተለመደ ክስተት ሲያጋጥም ይህ ቀሪ ይሆናል። ጉዳቱ በጉልህ ድርሻ (ከ35 እስከ 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ) የመነጨው በቅን ልቦና፣ ያለ አድልዎና በሕግ አግባብ ከተሰጠ ተግሣጽ ወይም ዝውውር ከሆነ ካሳ የለም። ክርክሩ የሚካረረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ክስተት ቀን፣ የተባለው ቃልና የምስክሮች ስም በወቅቱ ቢጻፍ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጉዳቱ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ይነገራል። አሠሪው በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የካሳ ጥያቄ ቅጹን ይሰጣል። ቅጹ ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ካልተከለከለ ጉዳቱ ካሳ እንደሚገባው ይገመታል፤ እስከዚያም እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሕክምና ይሸፈናል። የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር መብቱን አያስቀርም። እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚም በሐኪም ቀጠሮ አስተርጓሚ በአሠሪው ወይም በመድን ሰጪው ወጪ ይቀርባል።