መንገድ የሚያበጅ መምህር

አዋቂ ብዙ ነው፤ ያወቀውን ሳይሰስት የሚያካፍል ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ጂም ዋይሪክ ነበር። «ሩቢ» በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩና በኢንተርኔት ለሚገናኙ ባለሙያዎች፣ ተደጋጋሚ ሥራን በቅደም ተከተል የሚያከናውነውን «ሬክ» የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ያለ ዋጋ አበረከተላቸው።

ትልቁ ስጦታው ግን ማስተማሩ ነው። ከባልደረባው ጋር ያዘጋጀው «ሩቢ ኮአንስ» የተሰኘው መልመጃ ለጀማሪው መልሱን አይነግረውም፤ ሆን ተብሎ የጎደለ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ተማሪው ሲሳሳት ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠቁመዋል፤ ሲያቃናው ወደ ቀጣዩ ያሳልፈዋል።

ዋይሪክ የካቲት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙዎች በመጨረሻው የፕሮግራም ሥራው ሥር ምስጋናቸውን ጻፉ።

ለመሆኑ እኛስ? አዲስ ሠራተኛ ሲጠይቀን «ራስህ ድረስበት» ብለን ፊታችንን የምናዞር ስንቶች ነን? በእርግጥ ዋይሪክም መልሱን በእጅ አላስጨበጠም። ነገር ግን መንገዱን አስቀድሞ አበጀ፤ የሚሰናከልበትንም ቦታ አመለከተ። ተማሪ ራሱን እንዲችል ማድረግና ጥሎት መሄድ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። እንግዲያውስ ሙያችን ከእኛ ጋር እንዳይቀበር፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው መንገድ እናብጅ።