የናፍጣ ፒካፕ ወይስ የኤሌክትሪክ መኪና
ለገበሬዎች ማኅበርና ለመሥሪያ ቤት የሚጠቅም ትምህርት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በችኮላ የተገዛ መኪናም እንዲሁ ነው። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለብዙ ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ የሚገዛው መኪና ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ምርጫው ከተሳሳተ ገንዘቡ አይመለስም፥ ወተቱም በገበያ ቀን በደጅ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ በየከተማው የሚታየው የኤሌክትሪክ መኪና፥ ይኸውም ክሮስኦቨር የሚባለው ከፍ ያለ አውቶሞቢል፥ ከቀድሞው የናፍጣ ፒካፕ ጋር ሲመዛዘን ለማን እንደሚስማማ መመርመር ያስፈልጋል።

ጥያቄው አሁን የተነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ታስገባለች፤ የኤሌክትሪክ ኀይልን ግን በአብዛኛው ከራሷ ወንዞች ታገኛለች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከዚህ የተነሣ የገዢው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በአገር ውስጥ ባለ አሮጌ የናፍጣ መኪናና ከውጭ በሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና መካከል ሆኗል።

በሁለቱ መካከል ያለው የመጀመሪያው ልዩነት የኀይል አጠቃቀም ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኀይል አለው። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው ከተቀበለው ኀይል የሚያባክነው ጥቂቱን ነው። በዚህም ምክንያት ፒካፕ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲፈጅ፥ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ከቆጣሪ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የወተት ማኅበር በየቀኑ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር፥ በዓመት 300 ቀን ይጓዛል እንበል። ፒካፑ በቀን 12 ሊትር፥ በዓመት 3,600 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ መኪና በቀን 24፥ በዓመት 7,200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም የመጀመሪያውን ቍጥር በዕለቱ የናፍጣ ዋጋ፥ ሁለተኛውን በቆጣሪው ታሪፍ አባዝቶ ልዩነቱን በዐይኑ ይይ። በዚህ ሒሳብ ኤሌክትሪኩ እንደሚያሸንፍ አያጠራጥርም።

ሆኖም ሒሳቡ በዚህ አያልቅም። ማኅበሩ በየቀኑ የሚያደርሰው 600 ሊትር ወተት ከሆነ፥ ከነቢዶኑ ከ600 ኪሎ ይበልጣል። ክሮስኦቨር ግን ሰውና ዕቃ ተደምሮ እንዲሸከም የተሠራው ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። ፒካፕ ጠንካራ ሻንሲና የኋላ ባሌስትራ ስላለው 10 ኩንታል ያህል ይጭናል። ወተቱን በክሮስኦቨር በሁለት ምልልስ ማድረስ ይቻላል የሚል ቢኖር፥ መንገዱ በቀን 240 ኪሎ ሜትር እንደሚሆን፥ የሁለተኛው ዙር ወተትም ፀሐይ ሲበረታ እንደሚደርስ ይገንዘብ። በነዳጅ የተረፈው ገንዘብ በጎመዘዘ ወተት ይጠፋል። እንግዲህ ርካሽ የሆነው ሁሉ ለሥራው በቂ ነው ማለት አይደለም።

መንገዱም መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ በታች የተነጠፈ ነው። በአስፋልት ላይ ይህ መኪናውን አጽንቶ የሚይዝ መልካም ነገር ነው፤ በኮረኮንችና በጎርፍ በተቦረቦረ ጥርጊያ መንገድ ላይ ግን ሾጣጣ ድንጋይ የባትሪውን መያዣ ሊጐዳ ይችላል፤ ባትሪውም ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በዋጋ የከበደ ነው። ፒካፕ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ በዚህ ረገድ ይበልጣል።

ስለ ዳገትና ቍልቍለት ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ይወጣል። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ከፍታ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ከዚህ ኀይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ሲቀንስ፥ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው አይደክምም። ነገር ግን ነጂው ከቍልቍለቱ ራስ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ቢሞላ የሚመለሰው ኀይል መግቢያ ያጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ቦታ መተው ይገባል።

ኀይል የመሙላቱ ነገር ለገጠር ሰው ዋና ጥያቄ ነው። ናፍጣ በጀሪካን ተጭኖ እርሻ ድረስ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ ግን ሽቦው ካለበት አያልፍም። ከተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ብቻ ስለሆነ፥ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀንና ሌሊት ይበልጣል። በ7 ኪሎ ዋት መሙያ 9 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ለዚህ ግን ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና የታመነ የመሬት መስመር ያስፈልጋል። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ቀበሌ ያለ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ።

በጥገናም ሁለቱ ይለያያሉ። ለፒካፑ ዘይትና ፊልትሮ በየጊዜው መለወጥ፥ ናፍጣው ውሃ እንዳይቀላቀልበት መጠንቀቅ ግድ ነው፤ ነገር ግን በየወረዳው ከተማ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። የኤሌክትሪኩ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፥ የሚያልቅበት ዕቃም ጥቂት ነው፤ ሲበላሽ ግን የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። በብርቱካንማ ቀለም የተሸፈኑት ሽቦዎች ሰው የሚገድል ኀይል ስለሚተላለፍባቸው ያልተማረ ሰው ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች ይመለሱ።

፩ኛ፤ በየቀኑ የሚጫነው ስንት ኪሎ ነው?
፪ኛ፤ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከዚህስ ውስጥ አስፋልት ያልሆነው ምን ያህል ነው?
፫ኛ፤ መኪናው በሚያድርበት ግቢ የማይቋረጥ መብራት አለ?
፬ኛ፤ የመኪናው መሙያ ሶኬት በአቅራቢያው ካሉት መሙያ ጣቢያዎች ጋር ይገጥማል? የቻይናና የአውሮፓ ሶኬቶች አይመሳሰሉምና።
፭ኛ፤ የባትሪው ዋስትና በኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይስ በተሠራበት አገር ብቻ? ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይረጋገጥ።
፮ኛ፤ አሮጌ ፒካፕ ከሆነ፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ ጢሱ፥ ሻንሲውም በመካኒክ ታይቷል?

በጠቅላላው፥ በአስፋልት የሚመላለስ፥ ሰውና ቀላል ዕቃ ብቻ የሚጭን፥ በግቢው መብራት ያለው የመሥሪያ ቤት ሹም ወይም የከተማ ነዋሪ ኤሌክትሪኩን ቢመርጥ ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል። እህል፥ ማዳበሪያና ወተት በጥርጊያ መንገድ የሚያመላልስ ማኅበር ግን በደንብ የተመረመረ የናፍጣ ፒካፕ ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ ፒካፕና ቀላል የጭነት መኪና በዓለም ገበያ ላይ ስላለ፥ መንገዱና መብራቱ የተስተካከለለት ማኅበር ወደፊት ሁለቱን ጥቅም በአንድ መኪና ሊያገኝ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ብልኅ ገዢ አስቀድሞ ጭነቱን ይመዝናል፥ መንገዱን ይለካል፥ ቀጥሎም ወደ ገበያ ይሄዳል።