ለቤት ኮምፒውተራችን ቋሚ አድራሻ እንስጠው



ከግቢ ውጭ በጋራ ቤት ተከራይተን የምንኖር ብዙዎቻችን ይህ ችግር ሳይገጥመን አይቀርም። የሌክቸር ፋይሎቹና ፕሪንተሩ ያሉት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሌሎቻችን በዋይፋይ እንጠቀምባቸዋለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ትናንት የከፈትነው ፎልደር ዛሬ አልገኝ ይላል። አሳይመንት የምናስረክብበት ጠዋት ከሆነ ጭንቀቱ አይጣል ነው።

አንዱ የተለመደ ምክንያት የአድራሻ መቀየር ነው። በኔትወርኩ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ቁጥሩን የሚያድለው ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ነው፤ አሠራሩም ዲኤችሲፒ ይባላል። የሚሰጠው ግን በውሰት ነው። የውሰቱ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። እኛ ደግሞ ኮምፒውተሩን በድሮው ቁጥር እንፈልገዋለን። ቁጥሩን ቋሚ ስናደርገው ችግሩ ይፈታል።

አንደኛ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተን አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን። የሚመጡትን ሦስት ቁጥሮች እንመዝግብ፦ አይፒ አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን (ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 255.255.255.0 ነው) እና ጌትዌዩን። ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.1።

ሁለተኛ፣ የጌትዌዩን ቁጥር ብሮውዘር ላይ ጽፈን ወደ ራውተሩ እንገባለን። በዲኤችሲፒ ክፍሉ ከስንት እስከ ስንት እንደሚያድል እንይ። ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.100 የሚያድል ከሆነ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን 192.168.1.200 መውሰድ እንችላለን። ሌላ ሰው እንዳልያዘው የቤት ጓደኞቻችንን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ገብተን የምንጠቀምበትን ዋይፋይ ወይም ኢተርኔት እንከፍታለን። አይፒ አሳይንመንት ከሚለው አጠገብ ኤዲትን ተጭነን ማኑዋል እንመርጣለን፤ አይፒቪ4ን አብርተን ቁጥሮቹን እንሞላለን። በዲኤንኤስ ቦታ የራውተሩን አድራሻ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አራተኛ፣ እንፈትሽ። ከቤት ኮምፒውተሮች ጋር እየተገናኘን ኢንተርኔት ከሌለን መጀመሪያ ጌትዌዩን እንይ። ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጾች በስማቸው አልከፈት ካሉ ደግሞ ዲኤንኤሱን እናስተካክል። ካልሆነልን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ይቻላል፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ሁለተኛውን እርምጃ ግን አንዝለል። ራውተሩ ለሌላ ሊያድለው የሚችለውን ቁጥር ብንይዝ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ይጋጫሉ፤ የአንዱ ወይም የሁለቱም ግንኙነት ይቆራረጣል። የራውተሩን አድራሻ ብንወስድ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የሰው ሐቅም አለበት። በተለይ በዶርምና በላብ ኔትወርክ ላይ ኃላፊዎቹን ሳናስፈቅድ ቋሚ ቁጥር አንሙላ፤ እዚያ የምናውከው አንድ ጓደኛችንን ብቻ ሳይሆን የማናውቃቸውን ብዙ ተማሪዎች ነው።

ላፕቶፑን ግቢ ይዘን የምንመላለስ ከሆነ፣ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ከመሙላት ይልቅ ራውተሩ ላይ በስሙ ማስያዝ ይሻላል።